የቀለም አብዮተኛው ፖል ፖዋሬ፡- ከልብስ ስፌት እስከ ቤት ማስዋብ

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የአውሮፓን የመኖሪያ ቤቶች ከፈዛዛ ቀለማት አላቀው ለደማቅ ቀለማት በር ከከፈቱ ባለሙያዎች መካከል ፈረንሳዊው የልብስ ንድፍ አውጪ ፖል ፖዋሬ በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳል።

ፖዋሬ በሴቶች አለባበስ ላይ ያስከተለውን ለውጥ ወደ ግድግዳ፣ ወደ ምንጣፍ፣ ወደ መጋረጃና ወደ ወንበር ልባስ በማሸጋገር የልብስ ስፌት ሙያንና የቤት ውስጥ ማስዋብ ሥራን በአንድ ስም ሥር ያሰባሰበ ባለሙያ ነው። ይሁን እንጂ ለሌሎች ሀብትና ዝና ያስገኘው ይኸው ፈጠራ እርሱን ከድህነት ሊታደገው አልቻለም። የሕይወት ታሪኩ ከፈጠራ ችሎታ ባሻገር የሥራ አመራርና የፈጠራ መብት ጥበቃ ያላቸውን ክብደት የሚያስገነዝብ ሆኖ ይገኛል። (በዚህ ጽሁፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፖል ፖዋሬ ሚያዝያ 20 ቀን 1879 በፈረንሳይ ዋና ከተማ ፓሪስ፣ ሌ አል እየተባለ በሚጠራው የገበያ ሠፈር ተወለደ። አባቱ የጨርቅ ነጋዴ ስለነበሩ ልጅነቱን ያሳለፈው በተለያየ ቀለምና ዓይነት ጨርቅ ተከቦ ነው። ሦስቱ እህቶቹ ዣን፣ ኒኮልና ዠርሜን ካደጉ በኋላ በጌጣጌጥና በልብስ ሥራ ስማቸውን ያስጠሩ መሆናቸው ቤተሰቡ ለዚህ ሙያ የነበረውን ቅርበት ያመለክታል።

ወጣቱ ፖዋሬ ትምህርቱን እንዳጠናቀቀ አባቱ ሥራን ከሥር ጀምሮ እንዲማር በማሰብ በአንድ የጃንጥላ አምራች ዘንድ ተቀጥሮ እንዲሠራ አደረጉት። ሥራው አሰልቺና ለሙያ ፍላጎቱ የማይስማማ ቢሆንም ከጃንጥላው ሥራ የሚተርፉትን የሐር ቁርጥራጮች እየሰበሰበ ወደ ቤቱ ይወስድ ነበር። እህቶቹ በሰጡት ትንሽ የእንጨት አሻንጉሊት ላይም እነዚህን ቁርጥራጮች እየጠቀለለና እያያያዘ ልብስ መንደፍ ጀመረ።

ማታ ማታ የሚሠራቸውን ንድፎች ይዞ በከተማው ወደሚገኙ ታላላቅ የልብስ ቤቶች መመላለስ የጀመረው በዚሁ ወቅት ነው። በ1898 ማዳም ሸሩዊ የተባሉት ታዋቂ የልብስ ቤት ኃላፊ 12 ንድፎቹን ገዙት። በዚያው ዓመት በፓሪስ ስመ ጥር ከነበሩት የልብስ ቤት ባለቤቶች አንዱ የሆኑት ዣክ ዱሴ በቋሚነት ቀጠሩት።

በዱሴ ቤት የሠራው የመጀመሪያ ልብስ ከቀይ ጨርቅ የተዘጋጀ ካባ ሲሆን 400 ያህል ደንበኞች አዝዘውታል። በወቅቱ አንድ ጀማሪ ሠራተኛ በአንድ ንድፍ ይህን ያህል ሽያጭ ማስመዝገቡ ያልተለመደ ነበር። የካባው ቀለም ቀይ መሆኑም ለወጣቱ ንድፍ አውጪ የወደፊት አቅጣጫ ጠቋሚ ሆኖ ተገኝቷል። ብዙም ሳይቆይ በዘመኑ ታዋቂ ለነበረችው የመድረክ ተዋናይት ሬዣን አበቦች የተሳሉበት ጥቁር ካባ በማዘጋጀቱ ስሙ ከልብስ ቤቱ ግድግዳ አልፎ በከተማው ታወቀ።

ፖዋሬ የውትድርና አገልግሎቱን ከፈጸመ በኋላ በ1901 ዎርዝ በተባለው አንጋፋ የልብስ ቤት ተቀጠረ። በዚያም የተሰጠው ኃላፊነት ለቤተ መንግሥት ግብዣ ከሚዘጋጁት ልብሶች ይልቅ ለዕለት ተዕለት የሚውሉ ቀለል ያሉ ልብሶችን መንደፍ ነበር። ከጃፓን ኪሞኖ የተወሰደ ቅርጽ ያለው አንድ ካባ አዘጋጅቶ ሲያቀርብ ግን አንዲት የሩሲያ ልዕልት ልብሱን ባዩ ጊዜ በድንጋጤ እንዳልተቀበሉት ይነገራል። የቤቱ ነባር ደንበኞች ለእንዲህ ያለ ለውጥ ዝግጁ አለመሆናቸውን የተረዳው ፖዋሬ የራሱን ቤት ለመክፈት ወሰነ።

በ1903 በእናቱ የገንዘብ ድጋፍ ኦቤር በተባለው ጎዳና ላይ አነስተኛ የልብስ ቤት ከፈተ። በወቅቱ ለማስታወቂያ የሚሆን በቂ ገንዘብ ስላልነበረው መንገደኛውን የሚስበው በሱቁ መስታወት ውስጥ በሚደረድራቸው ባለ ደማቅ ቀለም ጨርቆች ነበር። በቅጠል መርገፊያው ወቅት ወርቃማና ብርቱካናማ ጨርቆችን ከደረቁ ቅጠሎች ጋር፣ በክረምቱ ደግሞ ነጫጭ ጨርቆችን ከደረቁ ቅርንጫፎች ጋር በማቀናጀት ያሳይ እንደነበር ታሪኩን የጻፉ ያስረዳሉ። ልብስን ብቻ ሳይሆን ልብሱ የሚታይበትን ሥፍራም የማሳመር ልማዱ የጀመረው ከዚህች ትንሽ ሱቅ ነው።

ፖዋሬ በ1905 ዴኒስ ቡሌ የተባለችውን ወጣት አገባ። ዴኒስ ቀጠን ያለች፣ ከክፍለ ሀገር የመጣችና በፓሪስ ማኅበራዊ ኑሮ ውስጥ ብዙም የማትታወቅ ነበረች። ባለቤቷ ያዘጋጃቸውን አዳዲስ ልብሶች በቅድሚያ እየለበሰች በአደባባይ በመታየቷ ለሥራው መስፋፋት ያበረከተችው አስተዋጽኦ ከፍተኛ ነበር። ጥንዶቹ 5 ልጆችን አፍርተዋል።

በዚያ ዘመን የአውሮፓ ሴቶች ወገባቸውን በጠንካራ አጥንትና በገመድ አጥብቆ የሚይዝ ኮርሴት የተባለ የውስጥ ልብስ ይለብሱ ነበር። ፖዋሬ ከ1906 ጀምሮ ይህን ማጥበቂያ በመተው ልብሱ ከወገብ ሳይሆን ከትከሻ እንዲንጠለጠልና ከደረት በታች ቀጥ ብሎ እንዲወርድ የሚያደርግ አዲስ አቆራረጥ አስተዋወቀ። ለውጡን ያመጣው እርሱ ብቻ አይደለም። በዘመኑ ሌሎች ባለሙያዎችም በተመሳሳይ አቅጣጫ ይሠሩ ነበር። ይሁንና ሐሳቡን በሰፊው በማሰራጨት ረገድ ስሙ ጎልቶ ይነሳል።

የአቆራረጡ ለውጥ ለቀለም አጠቃቀም ያስገኘው ዕድል ከፍተኛ ነበር። ቀደም ሲል ልብሱ በብዙ ስፌት፣ በዳንቴልና በእጥፋት የተከፋፈለ ስለነበር ውበቱ የሚመዘነው በጥቃቅን ጌጦቹ ነበር። አዲሱ ልብስ ግን ሰፊና ያልተቆራረጠ የጨርቅ ገጽ ስላለው ቀለሙ ራሱ ዋናው ጌጥ ሊሆን ቻለ። ፖዋሬ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በቤት ግድግዳ ላይ የተገበረው ይህንኑ መርሕ ነው። ጌጣጌጡ ሲቀንስ ቀለሙ ይናገራል የሚል እምነት ነበረው።

በወቅቱ በፓሪስ ቤቶችም ሆነ በሴቶች ልብስ ይዘወተሩ የነበሩት ቀለማት ፈዛዛ ሐምራዊ፣ ፈዛዛ ሮዝ፣ የሰማይ ሰማያዊና የገለባ ቀለም ነበሩ። ፖዋሬ በሕይወት ታሪኩ እንደሚያስታውሰው እነዚህ የደከሙ ቀለማት በነገሡበት ገበያ ውስጥ ደማቅ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ወይን ጠጅና ንጉሣዊ ሰማያዊ ቀለማትን በማስገባቱ የተቀረው ሁሉ እንዲነቃ አድርጓል። የሊዮን ከተማ የሐር አምራቾችም በእርሱ ግፊት ደማቅ ቀለማትን በብዛት ወደ ማምረት እንዲሸጋገሩ ማድረጉን ጽፏል።

ለውጡ በአንድ ሰው ጥረት ብቻ የመጣ እንዳልሆነ መታወቅ አለበት። በ1905 በፓሪሱ የመጸው አውደ ርዕይ አንሪ ማቲስ፣ አንድሬ ዴረንና ጓደኞቻቸው ያቀረቧቸው ደማቅ ሥዕሎች ሃያስያንን አስደንግጠው ሠዓሊዎቹ አውሬዎች የሚል ቅጽል ስም እንዲሰጣቸው ምክንያት ሆነዋል። በ1909 ወደ ፓሪስ የመጣው የሩሲያ የባሌት ቡድንም በ1910 ሼሄራዛድ የተሰኘውን ትርኢት ሲያሳይ፣ ሠዓሊው ሌዮን ባክስት ለመድረኩ ያዘጋጃቸው ብርቱካናማ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ቀለማት ተመልካቹን አስደምመዋል። ፖዋሬ በደማቅ ቀለማት አጠቃቀም ከባክስት ቀድሞ እንደነበር በመግለጽ የባሌቱ ተከታይ ነው መባሉን ዘወትር ይቃወም ነበር።

ፖዋሬ በ1909 የልብስ ቤቱን አቬኑ ዳንተን በተባለው ጎዳና ወደሚገኝ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሕንጻ አዛወረ። ችላ ተብሎ የቆየውን ይህን ሕንጻና ሰፊ የአትክልት ሥፍራውን እንዲያድስ የተመረጠው አርክቴክቱ ልዊ ሲዩ ነበር። ጎዳናው ዛሬ በቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ስም ይጠራል።

የቤት ውስጥ ማስዋብን ከልብስ ሥራ ጋር የማቀናጀት ሐሳቡ ይበልጥ የተጠናከረው ወደ ጀርመንና ኦስትሪያ ባደረጋቸው ጉዞዎች ነው። በቪየና በአርክቴክቱ ዮሴፍ ሆፍማንና በባልደረቦቹ የተመሠረተው የእደ ጥበብ ማኅበር ከሕንጻው ንድፍ አንስቶ እስከ ጨርቁና እስከ ማንኪያው ድረስ ያለውን ሁሉ በአንድ እጅ ሲያዘጋጅ ተመለከተ። በብራስልስም ይኸው ማኅበር የገነባውን የስቶክሌ ቤተ መንግሥት ጎብኝቷል። አሠራሩን ቢያደንቅም ሁሉም ነገር በጥብቅ ሥርዓት መመራቱ ግን አልተስማማውም። ተማሪዎችን ከመምህሮቻቸው ዘዴ ነጻ በማውጣት የተሻለ ውጤት ማግኘት ይቻላል ብሎ አሰበ።

ከጉዞው መልስ በ1911 ማርቲን የተሰኘ ትምህርት ቤትና የማስዋቢያ ሥራ ክፍል አቋቋመ። ስሙ የተወሰደው ከሁለተኛ ሴት ልጁ ነው። በትምህርት ቤቱ የገቡት ዕድሜያቸው 12 ዓመት ገደማ የሆናቸው፣ ከሠራተኛው መደብ ቤተሰቦች የተውጣጡና ቀደም ሲል የሥዕል ሥልጠና ያልወሰዱ ልጃገረዶች ነበሩ።

የትምህርት አሰጣጡ ከተለመደው የተለየ ነበር። ልጃገረዶቹ ወደ ዕፅዋት ማዕከላት፣ ወደ እንስሳት ማቆያዎችና ወደ ገጠር እየተወሰዱ ያዩትን ሁሉ እንደ ስሜታቸው እንዲስሉ ይደረጉ ነበር። ከሌላ ሥዕል መቅዳትም ሆነ በመምህር እጅ መታረም አልነበረም። መጀመሪያ ተቀጥራ የነበረችው መምህርት የራሷን ዘዴ በልጆቹ ላይ በመጫኗ ፖዋሬ ከሥራው እንዳሰናበታት ይታወቃል። ጥሩ ሆነው የተመረጡት ሥዕሎች በገንዘብ ሽልማት ይገዙ ስለነበር ልጃገረዶቹ ለቤተሰቦቻቸው ገቢ ማስገኘት ችለዋል።

ልጃገረዶቹ ከየጉብኝታቸው ሲመለሱ በቀይ አደይ የተሞሉ የስንዴ ማሳዎችን፣ ነጫጭና ሰማያዊ የሜዳ አበቦችን፣ በቅርጫት የተሞሉ ተክሎችን እንዲሁም ነብሮች የሚሮጡባቸውን ደኖች በትልልቁ እየሳሉ ያቀርቡ ነበር። የአበቦቹ መጠን ከተፈጥሮው እጅግ የገዘፈ፣ ቀለማቸውም ያለ ጥላና ያለ መሸጋገሪያ በንጹሕ መልኩ የተቀባ ነበር። እነዚህ ሥዕሎች ወደ ጨርቅ፣ ወደ ግድግዳ ወረቀትና ወደ ምንጣፍ ተለውጠው ለገበያ ይቀርቡ ጀመር።

የምንጣፍ ሥራውም በተመሳሳይ መንገድ ተካሂዷል። ፖዋሬ የሽመና ባለሙያ አምጥቶ የአሠራር ዘዴውን ብቻ እንዲያስተምር ካደረገ በኋላ ልጃገረዶቹ አስቀድሞ የተዘጋጀ ንድፍ ሳይኖራቸው በቀጥታ በሽመናው ላይ አበቦቻቸውን እየፈጠሩ ይሠሩ ነበር። የማርቲን ሥራዎች በ1912 በፓሪሱ የመጸው አውደ ርዕይ ላይ ለሕዝብ በቀረቡ ጊዜ የሙያው ሰዎች ትኩረት ሰጥተዋቸዋል።

የማርቲን መሸጫ የተከፈተው በፎቡር ሴንት ኦኖሬ ጎዳና ነበር። ደንበኛው በዚያ ጨርቅና ወረቀት ብቻ ሳይሆን የተቀባ ብርጭቆ፣ የመብራት ልባስ፣ መከዳ፣ ጠረጴዛና ወንበር ጭምር ያገኛል። ከፈለገም የቤቱ ባለሙያዎች ክፍሉን በሙሉ እንዲያስውቡለት ያዝዛል። ልጃገረዶቹ ራሳቸው ወደ ደንበኛው ቤት ሄደው በግድግዳው ላይ በቀጥታ የሚስሉበት ጊዜም ነበር።

የማርቲን ክፍሎች የሚታወቁባቸው ጥቂት መርሆች ነበሯቸው። አንደኛው አንድን ደማቅ ቀለም በትንንሹ ከመበታተን ይልቅ ግድግዳውን በሙሉ ማልበስ ነው። ሁለተኛው ቁሳቁሱ ዝቅተኛ እንዲሆን ማድረግ ሲሆን፣ ረጃጅም ቁምሳጥኖች በዝቅተኛ መደቦችና ወለል ላይ በሚቀመጡ ትልልቅ መከዳዎች ሲተኩ የግድግዳው ሥዕል ሳይሸፈን ይታያል። ሦስተኛው ተቃራኒ ቀለማትን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ሲሆን፣ ብርቱካናማው ከሰማያዊ፣ ሮዙ ከአረንጓዴ አጠገብ ሲውል አንዱ ሌላውን ያጎላዋል። በመካከላቸው ጥቁር፣ ብርማ ወይም ወርቃማ ቀለም ሲገባ ደግሞ ዓይን ማረፊያ ያገኛል። እነዚህ ሁሉ ፖዋሬ አስቀድሞ በልብስ ላይ የፈተናቸው ነበሩ።

በዚሁ በ1911 ፖዋሬ ከሠዓሊው ራውል ዱፊ ጋር በመሆን በክሊሺ ጎዳና አነስተኛ የጨርቅ ማተሚያ ከፈተ። ዱፊ በእንጨት ላይ የቀረጻቸው ትልልቅ አበቦችና ቅጠሎች በጨርቅ ላይ እየታተሙ ለካባም ለመጋረጃም ለወንበር ልባስም ይውሉ ነበር። ከእነዚህ ጨርቆች የተሠራውና ፋርስ የሚል ስያሜ ያለው የ1911 ካባ ዛሬ በኒውዮርኩ የሜትሮፖሊታን ሙዚየም ይገኛል። የዱፊን ችሎታ የተመለከተው ቢያንኪኒ ፌሪዬ የተባለ የሊዮን ትልቅ የሐር ኩባንያ በ1912 ሠዓሊውን በመውሰዱ የትንሿ ማተሚያ ሥራ ቢቋረጥም የሁለቱ ወዳጅነት ቀጥሏል።

ፖዋሬ በልብስ ንድፍ አውጪነቱ ሽቶ በማዘጋጀትም ቀዳሚ ነበር። በ1911 በመጀመሪያ ሴት ልጁ በሮዚን ስም የሽቶ ድርጅት ያቋቋመ ሲሆን፣ የጠርሙሶቹና የማሸጊያዎቹ ሥዕል በማርቲን ልጃገረዶች ይዘጋጅ ነበር። ልብስ፣ ሽቶና ቤት በአንድ መልክ የሚቀርቡበት ይህ አሠራር በኋለኞቹ ዘመናት ታላላቅ የፋሽን ኩባንያዎች ሁሉ የሚከተሉት ሆኗል።

ሰኔ 24 ቀን 1911 በአትክልት ሥፍራው ያዘጋጀው የሺህ ሁለተኛው ሌሊት የተሰኘ ግብዣ የዚህ ቅንጅት ማሳያ ሆኖ ይጠቀሳል። 300 ያህል እንግዶች የምሥራቁን ዓለም አለባበስ መሠረት ያደረገ ልብስ ለብሰው እንዲመጡ የታዘዙ ሲሆን፣ ያልለበሱት በቤቱ የተዘጋጀውን እንዲለብሱ ወይም እንዲመለሱ ይጠየቁ ነበር። ግቢው በምንጣፍ፣ በመከዳና በደማቅ መጋረጃ ተሸፍኖ ነበር። ግብዣው ለመዝናኛ የተዘጋጀ ቢመስልም የልብስ ቤቱን፣ የሽቶ ድርጅቱንና የማርቲንን ሥራ በአንድ ሌሊት ያስተዋወቀ የንግድ ዝግጅትም ነበር። ፖዋሬ የተጠቀመበት የምሥራቁ ዓለም ምስል ግን ከእውነታው ይልቅ በፓሪስ ምናብ የተፈጠረ መሆኑን በኋላ ዘመን የተካሄዱ ጥናቶች ይተቻሉ።

የፖዋሬ የቀለም ምርጫ ሁልጊዜ የተፈለገውን ውጤት አስገኝቷል ማለት አይቻልም። ታዋቂዋ አሜሪካዊት ዳንሰኛ ኢሳዶራ ዳንካን ከመለማመጃ አዳራሿ በላይ ያለውን ትንሽ መኖሪያ እንዲያስውብላት ሰጥታው ነበር። ፖዋሬ ግድግዳውን በጥቁር ቬልቬት አልብሶ በወርቃማ መስታወቶችና በጥቁር ምንጣፍ አዘጋጀላት። ዳንካን ግን ክፍሉ ያማረ ቢሆንም የጭንቀት ስሜት ያሳድርባት እንደነበር በሕይወት ታሪኳ ገልጻለች። ቀለም በነዋሪው ስሜት ላይ ያለው ኃይል ምን ያህል እንደሆነ ከዚህ መገንዘብ ይቻላል።

ፖዋሬ በ1913 ከባለቤቱ ጋር ወደ አሜሪካ ተጉዞ በበርካታ ከተሞች ንግግር አድርጓል። በጉዞው ላይ ከፍተኛ አቀባበል ቢደረግለትም በሱቆች ውስጥ የእርሱን ስም የያዙ የሐሰት መለያዎች የተለጠፉባቸው፣ እርሱ ያልሠራቸውን ልብሶች ተመልክቶ ተቆጣ። ወደ አገሩ እንደተመለሰም በ1914 የፈረንሳይን የልብስ ንድፍ አውጪዎች መብት የሚያስጠብቅ ማኅበር በማቋቋም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ። የማኅበሩ እንቅስቃሴ ግን በዚያው ዓመት በፈነዳው የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ምክንያት ተደናቀፈ።

ጦርነቱ ሲጀመር ፖዋሬ የልብስ ቤቱን ዘግቶ ለውትድርና ተጠራ። በጦር ሠራዊቱ ውስጥ በልብስ ሰፊነት ተመድቦ ሲሠራ ለወታደሮች የሚታደለውን ካፖርት እንደገና በመንደፍ ጨርቅና የሥራ ጊዜ የሚቆጥብ አቆራረጥ አስገኝቷል። በአንጻሩ በኋለኛው ግንባር ከባድ ክስ ቀረበበት። አንዳንድ ጋዜጦች በቪየናና በበርሊን የነበረውን ግንኙነትና ደማቅ ቀለማቱን በማንሳት ሥራው የጠላት አገር ጣዕም ያለው ነው ሲሉ ወነጀሉት። በትውልድም በሥራም ፓሪሳዊ ለሆነው ለፖዋሬ ይህ ከባድ ስድብ ነበር። በእነዚሁ የጦርነት ዓመታት የሽቶ ድርጅቱ በስሟ የሚጠራው ሮዚንና ሌላው ልጁ በሕመም መሞታቸው ሐዘኑን እጥፍ አድርጎታል።

ከጦርነቱ በኋላ ሥራውን ሲቀጥል የጠበቀው ዓለም ተለውጦ ነበር። ሴቶች በየመሥሪያ ቤቱና በየፋብሪካው መሥራት በመጀመራቸው አጭር፣ ቀላልና ለእንቅስቃሴ የሚመች ልብስ ይፈልጉ ነበር። ይህን ፍላጎት በቅድሚያ የተረዳችው ኮኮ ሻኔል በጥቁር፣ በነጭና በግራጫ ቀለማት ላይ የተመሠረቱ ልብሶችን በማቅረብ ገበያውን ያዘች። በሕንጻ ሥራም ነጭ ግድግዳና ጌጥ አልባ ክፍል የሚመርጡ አርክቴክቶች ተሰሚነታቸው እየጨመረ ሄደ። ፖዋሬ ግን ከቀለማቱም ከወጪውም ፈቀቅ ለማለት ፈቃደኛ አልነበረም።

በ1919 በአትክልት ሥፍራው ኦአዚስ የተሰኘ የምሽት መዝናኛ ከፈተ። በፓሪስ አቅራቢያ በምትገኘው ሜዚም በአርክቴክቱ ሮቤር ማሌ ስቴቨንስ የተነደፈ ትልቅ መኖሪያ ቤት ማስገንባት ጀመረ። ሆኖም መዝናኛው ኪሳራ ሲያስከትል ቤቱም በገንዘብ እጦት ሳይጠናቀቅ ቀረ። ዕዳው እየተከመረ በመሄዱ በ1924 የልብስ ቤቱን ከነስሙ ለባለሀብቶች ለማስተላለፍ ተገደደ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ፖዋሬ በራሱ ስም በሚጠራው ድርጅት ውስጥ የሌሎችን ውሳኔ የሚጠብቅ ሰው ሆነ።

በ1925 በፓሪስ የተካሄደው ዓለም አቀፍ የጌጥ ጥበባት አውደ ርዕይ ለፖዋሬ የመጨረሻው ታላቅ መድረክ ነበር። ባለአክሲዮኖቹ ወጪውን ለመሸፈን ፈቃደኛ ባለመሆናቸው በራሱ ገንዘብ ሦስት ጀልባዎችን አስውቦ በአሌክሳንደር ሦስተኛ ድልድይ አጠገብ በሴን ወንዝ ላይ አቆመ። ጀልባዎቹ አሙር፣ ዴሊስና ኦርግ የሚሉ ስያሜዎች ነበሯቸው። የመጀመሪያው በማርቲን የተዋበ መኖሪያ፣ ሁለተኛው ምግብ ቤት፣ ሦስተኛው የልብስ ትርኢት ማሳያ ነበር። በሦስተኛው ጀልባ ውስጥ ራውል ዱፊ ያዘጋጃቸው 14 ትልልቅ የግድግዳ መጋረጃዎች ተሰቅለው ነበር።

አውደ ርዕዩ ዘመኑ አር ዴኮ እየተባለ እንዲጠራ ምክንያት የሆነ ሲሆን፣ ፖዋሬ ለዓመታት ሲያስተዋውቃቸው የቆዩት ደማቅ ቀለማትና የገዘፉ አበቦች በበርካታ አዳራሾች ታይተዋል። ጀልባዎቹን ግን የሚጠበቀውን ያህል ደንበኛ ሳይጎበኛቸው ቀረ። ፖዋሬ ወጪውን መመለስ ባለመቻሉ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ለዓመታት የሰበሰባቸውን ሥዕሎች በጨረታ ሸጠ።

በ1928 ከባለቤቱ ከዴኒስ ጋር ተፋታ። በ1929 የልብስ ቤቱ ሲዘጋ ማርቲንም አብሮ ተዘጋ። በመጋዘን የቀሩት ልብሶች በክብደት እየተመዘኑ እንደ ውዳቂ ጨርቅ እንደተሸጡ ይነገራል። ከ20 ዓመታት በፊት የፓሪስ ባለጸጎች ለመግዛት ይሻሙባቸው የነበሩ ካባዎች በኪሎ መሸጣቸው የውድቀቱን ጥልቀት ያሳያል።

ፖዋሬ በ1930 የሕይወት ታሪኩን የያዘ መጽሐፍ አሳተመ። በ1932 እንደገና የልብስ ቤት ለመክፈት ሲሞክር በራሱ ስም የመጠቀም መብት ስላልነበረው ድርጅቱን በስልክ ቁጥሩ ፓሲ 10-17 ብሎ ለመሰየም ተገደደ። ሙከራው ግን ዘላቂ አልሆነም። ቀጥሎም ፕረንታን ለተባለው ትልቅ መደብር ንድፎችን ያዘጋጀ ሲሆን ያም ብዙ ሳይቆይ ተቋረጠ። በ1930ዎቹ አጋማሽ ከመንግሥት ለሥራ አጦች የሚሰጠውን ድጎማ የሚቀበል ሰው ሆኖ ነበር። የቀረውን ዘመኑን በአብዛኛው ሥዕል በመሣል አሳለፈ።

ፖል ፖዋሬ ፓሪስ በጀርመን ጦር ተይዛ በነበረችበት ወቅት፣ በሚያዝያ ወር 1944 በተወለደ በ65 ዓመቱ ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ። ሥርዓተ ቀብሩም በሞንማርትር የመቃብር ሥፍራ ተፈጸመ። ከተማዋ ነጻ የወጣችው እርሱ ካረፈ ከአራት ወራት በኋላ ነበር።

ሥራው ግን አብሮት አልተቀበረም። ጣሊያናዊቷ ንድፍ አውጪ ኤልሳ ስኪያፓሬሊ በወጣትነቷ በፖዋሬ ቤት አንድ ካባ ለክታ ስታይ መግዣ እንደሌላት የተረዳው ፖዋሬ በነጻ እንደሰጣትና እንዳበረታታት ጽፋለች። በ1930ዎቹ ስኪያፓሬሊ የምትታወቅበት ደማቅ ሮዝ ቀለም ከልብስ አልፎ ወደ ሽቶ ማሸጊያና ወደ ሱቅ ማስዋቢያ ሲሸጋገር ፖዋሬ የጀመረው መንገድ ቀጣይ መሆኑን አሳይቷል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህም በርካታ የፋሽን ኩባንያዎች ከልብሳቸው ጎን የቤት ጨርቅ፣ የመኝታ ልብስና የቤት ቁሳቁስ ማቅረብን መደበኛ ሥራቸው አድርገውታል።

ዴኒስ ፖዋሬ ለዓመታት በጥንቃቄ ያቆየቻቸው ልብሶች በ2005 በፓሪስ ለጨረታ በቀረቡ ጊዜ ከዓለም ዙሪያ የመጡ ሙዚየሞች ተወዳድረው ገዝተዋቸዋል። በ2007 የኒውዮርኩ የሜትሮፖሊታን ሙዚየም፣ በ2025 ደግሞ የፓሪሱ የጌጥ ጥበባት ሙዚየም በፖዋሬ ሥራዎች ላይ ያተኮሩ ሰፋፊ አውደ ርዕዮችን ለሕዝብ አቅርበዋል። በአንድ ወቅት በኪሎ የተሸጠው ዛሬ በመስታወት ውስጥ በጥንቃቄ የሚጠበቅ ቅርስ ሆኗል።

የፖዋሬ የሕይወት ታሪክ ለተቋማትና ለሥራ ኃላፊዎች የሚያስተላልፋቸው ቁም ነገሮች አሉት። መደበኛ ሥልጠና ያላገኙ የድሃ ቤተሰብ ልጃገረዶች ዕድሉ ሲመቻችላቸው በታላላቅ አውደ ርዕዮች የሚቀርብ ሥራ ማፍራት መቻላቸው አንዱ ነው። የፈጠራ ሥራ በሕግ ካልተጠበቀና በተገቢው የሒሳብ አያያዝ ካልተደገፈ ባለቤቱን ከስሙ ጭምር ሊነጥለው እንደሚችል ማሳየቱ ደግሞ ሌላው ነው። ከሁሉም በላይ የሥራና የመኖሪያ ክፍሎች ቀለም በዘፈቀደ የሚመረጥ ሳይሆን በነዋሪው መንፈስ ላይ ተጽዕኖ ያለው፣ ታስቦበት የሚወሰን ጉዳይ መሆኑን ከአንድ ምዕተ ዓመት በፊት የተዋቡት የማርቲን ክፍሎች ያስገነዝባሉ።